ለምትበር ሴት ማን ዋስ ይሆናል

እሑድ፣ ግንቦት 22

ወጣልኝ! ጋሽ ታፈሰ ከባርኔጣቸው ውስጥ የተጠቀለለችውን ወረቀት አንስተው «ጥሩነሽ» ብለው ሲያነቡ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ እልል አልኩ። ለራሷ ዕጣ ራሷ እልል የምትል አይተው ስለማያውቁ ሁሉም ሳቁ። ይሳቁ። መቶ ሃምሳ ብር ነው! ሠላሳ ሰው በየእሑዱ አምስት አምስት ብር ሲጥል፣ እኔ አሥራ አንድ እሑድ አንጀቴ እያረረ ስጠብቅ፣ ይኸው የበረራ ሜዳው ለክረምት ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወጣልኝ።

ከዚያ አፌ መጣ። የሚገድለኝ ይሄ አፌ ነው፣ አውሮፕላኑ አይደለም። ጋሽ ታፈሰ የዕቁቡ ዳኛ ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው መረቁኝና «ምን ልትሠሪበት አሰብሽ ልጄ?» አሉኝ። «አልጋ ልገዛ» ብል ምን ነበረበት? «ቁም ሳጥን» ብልስ? ብሬን ቋጥሬ ቤቴ ነበርኩ። እኔ ግን ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ «ለአውሮፕላን ትምህርት ነው! ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ከዚያ ብቻዬን እነሳለሁ» አልኩ።

አንዱን ሰውዬ ጠላው ትን አለው።

«ብቻሽን ስትዪ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«አስተማሪው ወርደው፣ እኔ ብቻዬን።»

«ከወደቅሽስ?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዕቁባችን ደንብ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ወስዶ እንዳይጠፋ፣ ገና ዕጣው ያልወጣለት አባል ዋስ ይሆነዋል። እኔ አሥራ ዘጠኝ እሑድ ይቀረኛል፤ ዘጠና አምስት ብር ማለት ነው። እኔ ካልከፈልኩ ከዋሴ ዕጣ ይቆረጣል። ጎረቤታችን አቶ በቀለ ዋስ ሊሆኑኝ ከፋሲካ በፊት ቃል ገብተው ነበር። ዛሬ ጫማቸውን እያዩ «እኔ ለሌባ ዋስ እሆናለሁ፤ ለሞት ግን አልሆንም» አሉ። ሳቀ ደግሞ ሰው።

ጋሽ ታፈሰ እስከ ሐሙስ ቀነ ገደብ ሰጡኝ። ዋስ ካላመጣሁ በሚመጣው እሑድ ዕጣው እንደገና ወጥቶ ለሌላ ይሰጣል። እማዬ አባል ብትሆንም አንድ ቤት ስለምንኖር አትሆነኝም። ብትችልም የምትሆነኝ አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 23

ትናንት ቤት ስገባ እማዬ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ሰምታለች። የጉለሌ ወሬ ከአውሮፕላን ይፈጥናል። እስከ ዛሬ ጠዋት አላናገረችኝም፣ ሳህን ብቻ ስታንኳኳ ነበር። በመጨረሻ «ክንፍ የሰፋ ሁሉ ክንፍ ይበቅልለታል ያለሽ ማነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በስፌት ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ልደታ ሜዳ ያለው የበረራ ክበብ እጇ የሚያምር ሰፊ ሴት ይፈልጋል ተባለ። የዚያ ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ለካ ብረት አይደለም፤ እንጨትና ጨርቅ ነው! ጨርቁ በእጅ ይሰፋል፣ ከዚያ የሚከረፋ ቀለም ደጋግመው ይቀቡታል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ጠብታ ውሃም አያስገባም። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፤ ክንፍ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰፍቼ ስጨርስ ሻምበል፣ ከወታደር ቤት ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ስፌቱን በጣታቸው እየዳበሱ «ታምኚዋለሽ?» አሉኝ።

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው ግቢ።»

ያን ቀን ከእንጦጦ እስከ ዝቋላ አየሁ። ስወርድ ሌላ ነገር አልፈልግም አልኩ። እስካሁንም አልፈልግም። የሁለት ቀን ስፌት ግማሽ ሰዓት በረራ ይሆንልኛል፤ የቀረውን ከዩኒፎርም ከማገኘው እጨምራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ሰዓት በረርኩ። ልብስ ካልገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለሰው ስሰፋ እውላለሁ፣ የራሴ ቀሚስ ክርኑ ላይ እራፊ ተጥፎበታል።

ችግሩ ክረምቱ ነው። ሰኔ አንድ ሜዳው ይዘጋል። እስከዚያ ብቻውን ያልበረረ ተማሪ ቦታውን ለተጠባባቂ ይለቃል፣ ሰዓቱም ይሰረዛል። የሚጠባበቁት በመኪና የሚመጡ ጎረምሶች ናቸው። አንዱ «አንቺ ወንበሩን ልትሰፊ ነው?» ብሎኛል።

ዕጣቸው ያልወጣ፣ ልጠይቃቸው የምችል፦

— ፖሊሱ (ሚስቱ የዩኒፎርም ሦስት ብር አለባት፤ አፍሮ እሺ ይል ይሆናል)

— ከሰል ሻጯ

— ዲያቆኑ

— አቶ በቀለ እንደገና (ሞቼ ነው!)

ማክሰኞ፣ ግንቦት 24

ዛሬ ጉድ ሠራሁ።

በስፌት የተከፈለች ግማሽ ሰዓት ነበረችኝ። በጠዋት መብረር ግድ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች አየሩ ይሳሳና ያ ምስኪን አውሮፕላን መነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በአውቶቡስ ደረስኩ። ሻምበል ወደ ሰሜን አውጪኝ አሉ። አወጣኋቸው። ጥሩ እየሄድኩ ነበር፣ እሳቸውም ዝም ብለው ነበር። ዝም ካሉ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ከጉለሌ ወደ ቀጨኔ ስንሻገር የመድኃኔ ዓለም ጣሪያ ከክንፉ ሥር ብቅ አለ። እኔ ምንም አላሰብኩም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ የማደርገውን አደረግሁ። እጄን ከመሪው አንስቼ አማተብኩ፤ ወገቤን ሰበር አድርጌ ተሳለምኩ። ስጎነበስ ደረቴ መሪውን ገፋው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ድፍት!

በስመ አብ! ሻምበል ከኋላ ወንበር በራሳቸው መሪ ነጥቀው አቀኑት።

«ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?»

«ተሳልሜ ነው።»

«ምን?»

«መድኃኔ ዓለምን ተሳልሜ ነው።»

እስክናርፍ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ይሄኛው ዝምታ ጥሩ አልነበረም። ወርደን ባርኔጣቸውን አወለቁና «አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለ?» አሉኝ።

«እንጃ።»

«እኔም እንጃ። በእያንዳንዱ ላይ እጅ የምትነሺ ከሆነ ግን ብቻሽን አልለቅሽም። መሬት ስትወርጂ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተሳለሚ፣ እነሱ አይቀየሙም። ሦስት ሰዓት ብዬሽ ነበር፤ አሁን ሦስቱም ይበቃሽ እንደሆነ አላውቅም።»

እየተመለስኩ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። አውቶቡሱ በአራዳ ጊዮርጊስ ሲያልፍ ግን ተሳለምኩ። ምን ላድርግ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 25

ፖሊሱ፦ «ሚስቴን ላማክር።» ሚስቱ ከጓዳ ሆና «እምቢ በላት!» አለችው። ሦስቱን ብርም አልሰጡኝም።

ከሰል ሻጯ፦ አቅፋኝ አለቀሰች። ገና ሳልሞት።

ዲያቆኑ፦ ይጸልይልኛል።

ይባስ ብሎ የእድሩ ሽማግሌዎች ትናንት ተሰብስበው ስለ እኔ ተከራክረዋል። በገዛ ፈቃዷ ሰማይ ወጥታ ለወደቀች ድንኳን ይተከላል ወይስ አይተከልም? ለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ! እማዬ ሰምታ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ምን እንዳለቻቸው ከጎረቤት ነው የሰማሁት፤ «ልጄ ቆማ ስትሄድ ድንኳን አትትከሉባት፣ ለቀባሪ ያብቃችሁ እንጂ!» ብላቸው ወጣች አሉ። ቤት ስትመጣ ግን እኔን ገላመጠችኝ። «ምን ታይኛለሽ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ።

የስፌት መኪናዬን በስንት ትሸጫለሽ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አንድ ነጋዴም ጠየቅሁ። በመቶ ሠላሳ ብር ይገዛኛል። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ በኋላ በምን እበላለሁ? በምንስ ክንፍ እሰፋለሁ? ሸሽቼ መጣሁ። ነገ ሐሙስ ነው። ዓይኔ ደም ለብሷል፣ ማንም ቢናገረኝ እጮህበታለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 26

ጠዋት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ናቸው።

እትዬ ብርቄ ቀጨኔ ሸክላ ይሠራሉ። ድስትና እንስራ በጀርባቸው አዝለው ያንን ቁልቁለት ይወርዱታል። ዕቁብ ላይ ሁልጊዜ በሩ ሥር ተቀምጠው፣ አምስት ብራቸውን ጥለው፣ ጠላ ሳይቀምሱ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ልጻፍ። የሰኞው ዝርዝሬ ላይ አልነበሩም። ረስቻቸው አይደለም። ሰፈሩ ሸክላ ሠሪ ናቸውና ቡዳ ናቸው እያለ ከኋላቸው ብዙ ያወራል። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ አላምንም እላለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጻፍኩም። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ይግቡ ብላቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ዋስ አገኘሽ?»

«አላገኘሁም እትዬ።»

«እኔ እሆንሻለሁ።»

ያላገጡብኝ መሰለኝ። ቁጣዬ ገና ስላልበረደ፣ «ከወደቅኩስ?» አልኳቸው እንደ መጮህ ብዬ።

«ከወደቅሽማ ቆርቆሮዬ ቀረ። ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ጥቅምት ላይ ብሬን ስወስድ ላለብሰው ነበር።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት የተሰቀለውን ዩኒፎርም ሁሉ አንድ በአንድ አዩት።

«ስድስት ዓመት ዕቁብ ስጥል ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ነው የምወስደው። ዕጣዬ ቶሎ ከወጣ ለሌላ እለቃለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«መጨረሻ የሚወስድ ሰው ዋስ አያስፈልገውም። እኔ ማን ዋስ ይሆነኛል? አንዴ ጠይቄ ያየሁትን አይቻለሁ። እሑድ ሁሉም ጫማ ጫማውን ሲያይብሽ ሆዴ ባባ።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «በሚቀጥለው ዙር ግን መጀመሪያ መውሰድ እፈልጋለሁ። ያኔ ዋሴ አንቺ ነሽ። እንግዲህ መውደቅ የለም!»

ጋሽ ታፈሰ ዘንድ አብረን ሄድን። የደንቡን ደብተር ሦስት ጊዜ አገላበጡት። «ዕጣው ያልወጣለት አባል» ይላል፤ ሌላ ነገር አይልም።

«ብርቄ፣ አስበሽበታል ግን?»

«ስድስት ዓመት አስቤበታለሁ።»

ጋሽ ታፈሰ አፈሩ መሰለኝ። ጃንሆይ ያሉበትን ብር አንድ በአንድ እየቆጠሩ እጄ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጠላ ይቀዳላችሁ አሉ። ለሁለታችንም። እትዬ ብርቄ ብርጭቆውን ትንሽ ይዘውት ቆይተው ጠጡ።

ዓርብ፣ ግንቦት 27

የሦስት ሰዓት ከፈልኩ። መቶ ሃያ ብር። ደረሰኙን ጡቴ ሥር ነው የያዝኩት።

አንዱን ሰዓት ዛሬ በረርኩ፤ ደግሞ ወደ ሰሜን። ሻምበል ሆን ብለው ነው። ቀኑም የመድኃኔ ዓለም ነው፣ ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኗል። መሪውን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። እጄ ሊነሳ ሲል ሲል ይታወቀኛል። በከንፈሬ ብቻ ተሳለምኩ። ከኋላ «ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ፣ እጅሽ ግን እዚያው!» አሉ። እንዴት አወቁ?

ሌላ ነገርም አየሁ። ጉለሌ ላይ ቤታችንን ስፈልግ፣ አጥራችን ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ነገር ተሰጥቷል። የእማዬ ጋቢ ነው። ስመለስ ጠየቅኋት።

«አጥቤ ነው» አለችኝ።

በመድኃኔ ዓለም ቀን ልብስ የምታጥብ እናት የለችኝም። እሷም ማወቄን አወቀች። «ቁርስሽ ቀዝቅዟል» ብላ ወጣች። ለዓመቱ ይበቃኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 28

ሲነጋ ዘነበ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ እስከ አራት ሰዓት ቆመን ጠበቅን። እኔ ሰማዩን እያየሁ ስንቆራጠጥ፣ ሻምበል ጋዜጣ ያነባሉ። እኒህ ሰውዬ ደም የላቸውም እንዴ?

ሲደርቅ በረርን። መነሳቱ ደህና ነበር። ማረፉ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ነጥሬ ነው የቆምኩት። «ነገ በጠዋት ነይ» ብቻ አሉኝ። ነገ ካለፈ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሰኞ ሜዳውን ማጽዳት ይጀምራሉ፣ ማክሰኞ ይዘጋል።

ከሰዓት በኋላ ልሰፋ ተቀመጥኩ። አንድ ዩኒፎርም ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፋሁ። ፈታሁት። ሻይ ደፋሁ። እማዬን ያለጥፋቷ ተቆጣሁ። ዝናቡ እንደገና ሲወርድ ስለ ሜዳው ልጨነቅ ሲገባኝ፣ የእትዬ ብርቄ ጣሪያ ትዝ አለኝና ባሰብኝ። እዚያ ቤት አሁን ውሃው በስንት ቦታ እየገባ ይሆን? ሸክላው ሳይተኮስ ቢረጥብስ? እኔ ብወድቅ እኮ እሳቸው ሌላ ክረምት እንዲሁ ሊያሳልፉ ነው። እስከ ዛሬ ስበር የማስበው አንድ አንገት ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነብኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 29

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከሻምበል ጋር ግማሽ ሰዓት ዞርን። ሁለት ጊዜ አረፍኩ፣ አልነጠርኩም። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ቀበቷቸውን ፈቱና ወረዱ።

«አንድ ዙር። ወጥተሽ፣ ዞረሽ፣ ውረጂ።»

«አሁን?»

«ስፌትሽን ታምኚዋለሽ?»

እሳቸው ሲወርዱ አውሮፕላኑ ቀለለው። ሳላስበው ነው ከመሬት ዘሎ የተነሳው። ጮህኩ። ሳቅሁ። ማንም አይሰማኝም፣ ሃያ ጊዜ ስሜን ጠራሁ። ልደታ ከሥሬ አለፈች፣ ራቅ ብሎ ተክለ ሃይማኖት፤ ሁለት እጄም መሪው ላይ ነበር። ስወርድ ብቻ ፈራሁ። መሬቱ ቶሎ መጣብኝ። እትዬ ብርቄ፣ ቆርቆሮ፣ መውደቅ የለም፣ እያልኩ ሳብ አደረግሁት። አንዴ ነካ፣ ቆመ። አልነጠረም።

ወርጄ በአራቱም አቅጣጫ አማተብኩ፤ ያሉትንም የሌሉትንም አብያተ ክርስቲያናት ተሳለምኩ። ሻምበል ባርኔጣቸውን አንስተው ጠበቁኝ።

በዚህ መሐል የሽቦው አጥር ዘንድ ጭቅጭቅ ሰማሁ። ዘበኛው አንዲት ሴት ያባርራል። እንስራ ያዘለች ሴት። ሮጥኩ።

«ሂጂ እኮ አልኩሽ! እዚህ ገበያ አይደለም!»

«ልጠብቃት ነው እንጂ ልሸጥ አልመጣሁም። ያችን፣ የወጣችውን።»

«ምንሽ ናት?»

እትዬ ብርቄ ቀና አሉ።

«ዋሷ ነኝ።»

ዘበኛው ዞር ብሎ አሳለፋቸው። ከቀጨኔ እስከዚህ ድረስ፣ ያን እንስራ አዝለው መጥተው፣ ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና ፊቴን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን ዳበሱኝ፤ የተሰነጠቀ ሸክላ እንደሚፈልጉ።

«አዩኝ?» አልኳቸው።

«ምን አያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ! ድምፁ ዝም ሲል ነው አለቀልኝ ያልኩት። ይልቅ ዕቁቡ እንዳይረፍድብሽ፣ ነይ።»

እንስራውን ተቀበልኳቸው። ከባድ ነው! ዕቁቡ ላይ አምስት ብሬን ስጥል ጋሽ ታፈሰ ቀና ብለው አዩኝ፣ አቶ በቀለም አዩኝ። ከሁሉም በፊት ግን «አሥራ ስምንት ቀራት» ያሉት እትዬ ብርቄ ናቸው። በሩ ሥር አልነበሩም፤ ጎኔ ነበሩ። ቀጥለው በጆሮዬ «ደግሞ መቼ ነው የምትወጪው?» አሉኝ።

«መስከረም፣ ሜዳው ሲከፈት።»

«እሰይ። ክረምቱን እተኛለሁ።»

በሚያፈስ ቤት ውስጥ!

አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ዝናቡ ጀምሯል። ሻምበል ጥቅምት ላይ ከክንፉ የተገፈፈውን አሮጌ ጨርቅ ልውሰደው ብላቸው «ምን ያደርግልሻል?» ብለው ሰጡኝ። አልጋዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ቀለሙ ትንሽ ተሰነጣጥቋል እንጂ ውሃ አያስገባም፤ በጽዋ አፍስሼ ሞከርኩት። ዛሬ እሑድ ነው፣ መርፌ አልይዝም። ነገ በጠዋት ግን ወደ ቀጨኔ ወጥቼ ጣሪያቸውን እለካለሁ። እማዬ መሰላል ትይዝልኛለች፤ ጠይቄያት «ከሰማይ ይሻላል» ብላለች። ጨርቁ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ክሩን ግን እንጃ።